የጄዜሮ ገባር ሸለቆዎች ካርታ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጎንደር

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የሥራውን ወሰን በጽሑፍ አስቀመጥን። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በዚህ ዓመት የሚያዘጋጀው የግድግዳ ካርታ ሁለት ተፋሰሶችን ጎን ለጎን፣ በአንድ የካርታ መስፈርት ያሳያል። በስተግራ የመገጭ ወንዝ ከጎንደር ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ፣ አንገረብንና ቀሃን ተቀብሎ ጣና ሐይቅ እስኪገባ ድረስ ይሣላል። በስተቀኝ ደግሞ በማርስ ላይ ወደ ጄዜሮ የሚገቡት ሁለት ጥንታዊ ሸለቆዎች፣ ኔሬትቫና ሳቫ፣ ከነገባሮቻቸው ይቀመጣሉ። ጄዜሮ ከማርስ ወገብ በስተሰሜን 18 ዲግሪ ላይ የሚገኝ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የግጭት ጉድጓድ ነው። ኔሬትቫ ከምዕራብ፣ ሳቫ ከሰሜን በኩል ይገቡበታል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ፕሊቫ የተባለ ሦስተኛ ሸለቆ የጉድጓዱን ጠርዝ ሰብሮ ይወጣል። መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ያለው ጉድጓድ በአንድ ወቅት እስከ አፉ ሞልቶ የፈሰሰ ሐይቅ እንደነበረ ያስረዳል። ከብዙዎቹ የማርስ ሸለቆዎች መካከል ይህን የመረጥንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ተማሪዎቻችን መገጭን፣ ርብን፣ ጉማራንና ግልገል ዓባይን ተቀብሎ በባሕር ዳር በኩል ዓባይን የሚያስወጣውን ጣናን በሚገባ ያውቁታልና።

ካርታው እንዲመልስ የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከምሕዋር የሚታይ ሸለቆ ስለቆረጠው ውኃ መጠን በእርግጥ ምን ያህል ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ማሪነር 9 የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ስትደርስ ፕላኔቷን በሙሉ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ገጠማት፤ አቧራው ሲሰክን ግን የላከቻቸው ፎቶግራፎች ደረቅ የወንዝ መውረጃ የሚመስሉ ሸለቆዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ የቆየው «ውኃ ነበረ ወይስ አልነበረም» በሚለው ላይ ብቻ አይደለም። ምን ያህል ውኃ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከዝናብ ነው ወይስ ከምድር ውስጥ የሚሉት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ሥራ እየፈጠሩ ይገኛሉ። እኛም በአቅማችን የምንገባው በዚህኛው በር ነው።

ጥቅምት 9

ምስሎቹን አውርደን ጨረስን። ሌሊት ኔትወርኩ ፈጠን ስለሚል ትልልቆቹን ፋይሎች በየክፍሉ ቆርጠን በሌሊት አወረድናቸው። ዋናው መሠረታችን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ማርስን የምትዞረው የማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር ኮንቴክስት ካሜራ ያነሣቸው ሥዕሎች ናቸው፤ በእነዚህ ላይ አንድ ፒክስል 6 ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። ለከፍታ የማርስ ግሎባል ሰርቬየር የሌዘር መለኪያ የሰበሰበውን ካርታ ወስደናል፤ እርሱ ግን በወገቡ አካባቢ በፒክስል 463 ሜትር ስለሆነ ጠባብ ሸለቆዎችን ይውጣቸዋል። ስለዚህ በጄዜሮ አካባቢ ፐርሰቪራንስ ለተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ (ሮቨር) ማረፊያ ተብሎ በ20 ሜትር ዝርዝር የተዘጋጀውን የከፍታ ሞዴል ጨመርንበት። ለመገጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ በቂ ነው።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁሉም ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። የማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር ምስል በምታነሣበት ቦታ ሁሉ የአካባቢው ሰዓት ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል የሄደበት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሁልጊዜ ከምዕራብ በኩል ታበራለች። ከዚህ የተነሣ የሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ጥላ ይሆናል፣ ምሥራቃዊው ደግሞ ያበራል። ሸንተረር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ በስተምዕራብ ያለው ጎን ብሩህ፣ በስተምሥራቅ ያለው ጨለማ ይሆናል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በማርስ ላይ የጥንት የወንዝ መውረጃዎች በአንዳንድ ቦታ ተገልብጠው ሸንተረር ሆነው ይታያሉ። በመውረጃው ወለል ላይ የተከማቸው ጠጠርና ደለል ጠንክሮ ሲቀር፣ በዙሪያው ያለውን ለስላሳ መሬት ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ቀድሞ ዝቅ ያለው ከፍ ብሎ ይቀራል። የብርሃኑን አቅጣጫ ያላስተዋለ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሥላቸዋል።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ሳቫ ብርሃኑ ከጎን ስለሚያገኘው ጥላው ጥርት ብሎ ይታያል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ኔሬትቫ ግን ብርሃኑ በርዝመቱ ስለሚፈስበት፣ በተለይ ትንንሾቹ ገባሮቹ ደብዝዘው ይቀራሉ። በዓይን ብቻ የተሣለ ካርታ እንግዲህ የፀሐይን አቅጣጫ እንጂ የመሬቱን እውነት ላያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ መስመር በምስሉም በከፍታ ሞዴሉም እንዲረጋገጥ፣ በአንዱ ብቻ የሚታየውም በሌላ ምልክት እንዲለይ ወስነናል።

ጥቅምት 17

በዚህ ሳምንት ኪውጂስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ራሱ የውኃ መስመሮችን እንዲያወጣ አድርገን አየን። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙ በከፍታ ሞዴሉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ መካከል በጣም ወደሚዘቀዝቀው ያገናኘዋል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከላይ ስንት ነጥቦች እንደሚፈስሱበት ይቆጥራል። ቁጥሩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ «እዚህ ጅረት አለ» ብሎ መስመር ይሥላል።

በመገጭ ላይ ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። አንገረብና ቀሃ ተማሪዎቹ በሚያውቋቸው ቦታዎች ወጡ፤ ከከተማው በታች ከመገጭ ጋር የሚያደርጉት ግንኙነትም ትክክል ነው። የደምቢያ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን መሬቱ እጅግ ለጥ ያለ ስለሆነ መስመሮቹ በሕይወት ያለ ወንዝ የማይሄድባቸውን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተከተሉ።

በማርስ ላይ የገጠመን ከዚህ የተለየ ነው፤ ለማንኛውም ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ቢታወቅ ይጠቅማል ብዬ በሰፊው እጽፈዋለሁ። ይህ ፕሮግራም ውኃ በፍጹም ያልነካውን መሬት ቢሰጡትም ወንዝ ይሥላል፤ በጨረቃ ላይም ይሥላል። የሚነግረን ውኃ ቢኖር ወዴት ይፈስ እንደነበር እንጂ ውኃ እንደፈሰሰ አይደለም። በተጨማሪም መስመሩ እንዳይቋረጥ ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ጉድጓዶችን ሁሉ አስቀድሞ ይሞላቸዋል። በጎንደር ዙሪያ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች አብዛኛውን ጊዜ የመረጃ ግድፈት ስለሆኑ መሙላቱ ያስኬዳል። በማርስ ላይ ግን ጉድጓዶቹ እውነተኛ የግጭት ጉድጓዶች ናቸው፤ ከፊሎቹ ሸለቆው ከመቆረጡ በፊት የነበሩ፣ ከፊሎቹም ሸለቆው ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ የወደቁ ናቸው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በዓይን ብቻ ነው። ሸለቆው የጉድጓዱን ጠርዝ ሰብሮ ከገባ ጉድጓዱ ይቀድማል፤ የጉድጓዱ ፍንጣሪ ሸለቆውን ከሸፈነው ጉድጓዱ ይከተላል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን መስመር ጥቆማ አድርገን ወሰድነው፤ ውሳኔውን ለምስሉ ተውነው። መስመሩ ባለበት ግድግዳና ወለል ያለው ሸለቆ ካልታየ አይሣልም።

ይህ ጥንቃቄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የማርስ ሸለቆዎች ዓለም አቀፍ ካርታም ምስልንና ከፍታን አንድ ላይ በማየት በእጅ የተሠራ ሲሆን፣ ከርሱ በፊት ቫይኪንግ የተባሉት መንኮራኩሮች ባነሧቸው ምስሎች ላይ ተመሥርተው ከተሠሩት ካርታዎች እጅግ የበዙ ሸለቆዎችን አሳይቷል። መሬቱ አልተለወጠም፤ የተሻለ ምስል ሲገኝ የሚታየው ገባር በዛ። በእኛም ካርታ ላይ የገባሮቹ ብዛት የምስሉ ጥራት የፈቀደው ያህል መሆኑ በግርጌው በግልጽ ይጻፋል።

ጥቅምት 24

መገጭ ወረድን። ክረምቱ ካለፈ ገና ብዙ ስላልቆየ ወንዙ ውኃ አለው፤ ሆኖም በጠጠርና በቋጥኝ መካከል በአንድ ጎን ተሰብስቦ ይሄዳል። ተማሪዎቹ ገመድ ዘርግተው የውኃውን ስፋት፣ ጎርፉ የተወውን የጭቃና የጭራሮ ምልክት፣ ከዚያም ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ለኩ። የሸለቆውን አናት ስፋት ከከፍታ ሞዴሉ ወሰድነው። አራቱን አስተያይተን ባየን ጊዜ ማንም ሰው ከሰማይ ሆኖ በመጀመሪያ የሚያየው ሸለቆ፣ ውኃው በከፍተኛው የክረምት ሙላት እንኳ ከሚደርስበት ስፍራ እጅግ የሚሰፋ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

በዚያው ከብት የሚያጠጡ አንድ አዛውንት ስለሥራችን ጠየቁን። ነገርናቸውና እኔም በተራዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ በክረምት ውኃው እስከ የት ይደርሳል?»

በዱላቸው ከጭራሮው ምልክት ትንሽ ከፍ ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። «እስከዚያች ድንጋይ ነው፣ መምህር። ሲያይል እርሷን ይሸፍናታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገደል እንኳን እኔ፣ አባቴም ሞልቶ አላየውም።»

ተማሪዎቹ ይህን በማስታወሻቸው ላይ ቃል በቃል እንዲያሰፍሩት አደረግሁ፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሸለቆውን የቆረጠው ይህ ወንዝ ነው፤ ሆኖም አንድም ቀን ሸለቆውን ሞልቶት አያውቅም። ጎንደር የተቀመጠችበት ባዝልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ነው፤ ወንዙ በየክረምቱ ቋጥኝ እየጎተተ ወለሉን ጥቂት ጥቂት ይፍቃል፤ ግድግዳው በዝናብና በናዳ ወደ ጎን ያፈገፍጋል። የሸለቆው ስፋት እንግዲህ የውኃውን መጠን ሳይሆን የዘመኑን ርዝመት፣ የድንጋዩን ጥንካሬና የናዳውን ብዛት በአንድነት የያዘ ድምር ነው። የውኃውን መጠን የሚነግረን በሸለቆው ወለል ውስጥ ያለው ጠባቡ መውረጃ ብቻ ነው።

ኅዳር 2

ወደ አንገረብ ግድብ ሄደን ጅረቱ ወደ ቆመው ውኃ የሚገባበትን ቦታ ተመለከትን። ይህ ግድብ ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሲሆን ከዓመት ዓመት ደለል ይገባበታል። ጠጠሩ ወዲያው በመግቢያው ይቀራል፤ አሸዋው ትንሽ ይዘልቃል፤ ዋልካው ወደ መካከል ይሄዳል። ፍሰት ወደ ቆመ ውኃ ሲገባ ፍጥነቱን ስለሚያጣ ከባዱን ቀድሞ ይጥላል፤ በጄዜሮ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ከኔሬትቫ አፍ ፊት ለፊት ተዘርግቶ የሚታየው ዴልታም የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ፐርሰቪራንስ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2021 ካረፈች በኋላ ኮዲያክ የተባለችውን ከዴልታው ተለይታ የቀረች ኮረብታ ያነሣችባቸው ፎቶግራፎች ወደ ሐይቁ ያዘነበሉ የደለል ንብብሮችን አሳይተዋል። ከምሕዋር በቅርጹ ብቻ የተገመተው ሐይቅ በቅርብ በተነሡ ፎቶግራፎች ተረጋገጠ። በዴልታው ላይኛው ንብብር ደግሞ ትልልቅ ቋጥኞች ተገኝተዋል፤ ይህ በመጨረሻው ዘመን ኃይለኛ ጎርፍ ይመጣ እንደነበር ያመለክታል። መገጭ ላይ ያየናቸው ቋጥኞችም በጥቅምቱ ቀጭን ውኃ የሚነቃነቁ አይደሉም፤ የሚያመጣቸው የክረምቱ ደራሽ ነው።

ኅዳር 8

አንዳንድ ተማሪዎች «የማርስ ሸለቆዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው?» ብለው ስለጠየቁ ከሥራችን ወሰን ጥቂት ወጥተን አሬስ ቫሊስንና ካሴይ ቫሌስን አየን። እነዚህ በዓይነት የተለዩ ናቸው። ኔሬትቫና ሳቫ ከትንንሽ ገባሮች እየተጠራቀሙ ቀስ በቀስ ይሰፋሉ፤ አሬስ ግን መሬቱ ከተደረመሰበት ምስቅልቅል ስፍራ ገና ከመነሻው ሰፊ ሆኖ ይወጣል። ገባር ፈልገን አላገኘንም፤ ፋንታውን ያገኘነው በጎርፉ መንገድ ላይ የቆሙ የግጭት ጉድጓዶች ከኋላቸው ሹል ጅራት አውጥተው የቀሩባቸውን ደሴቶች ነው። ውኃው በድንገት ከምድር ውስጥ ፈንድቶ እንደወጣ በሰፊው ይታመናል። በምድራችን ለዚህ የቀረበው ምሳሌ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የተቦረቦረ የባዝልት ሜዳ ነው፤ ጄ ሃርለን ብሬትስ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1923 ያን መሬት ታላቅ ጎርፍ ቆረጠው ብሎ ሲጽፍ ለብዙ ዓመታት የሚቀበለው አላገኘም፤ በኋላ ግን በበረዶ የተገደበ ሐይቅ ተደርምሶ እንደፈሰሰ ተረጋግጧል። ፓዝፋይንደርም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ያረፈችው በአሬስ አፍ ላይ ነው።

በእነዚህ ጎርፍ ቆረጥ መውረጃዎችም ላይ ቢሆን ሸለቆው በአንድ ጊዜ እስከ አናቱ ሞልቶ ነበር ብሎ ማስላት የሚሰጠው ከፍተኛውን ወሰን ብቻ ነው። ጎርፉ እየቆረጠ ሲወርድ ወለሉም አብሮ ይወርዳል፤ አናቱ ላይ ያለው ምልክት የመጀመሪያው፣ ወለሉ ላይ ያለው የመጨረሻው ጎርፍ ሊሆን ይችላል።

ኅዳር 11

የቬነስንም አንድ ምሳሌ በአጭሩ መዝግበናል። ማጄላን የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 በራዳር ያነሣችው ባልቲስ ቫሊስ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቬነስ ገጽ ሙቀት ከ450 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ስለሆነ ፈሳሽ ውኃ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ የቆረጠው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ መሆን አለበት። ስፋቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ብዙም አለመለዋወጡና የገባር መረብ አለመኖሩ ከወንዝ የሚለዩት ምልክቶች ናቸው። ዛሬ በርዝመቱ ከፍታው ሲለካ ወጣ ገባ ይላል፤ ፈሳሽ ሽቅብ ስለማይፈስ መሬቱ ከዚያ ወዲህ እንደተነሣና እንደወረደ ያስረዳል። ይህን የጻፍነው በካርታው ላይ ልናስገባው አይደለም፤ ማንኛውንም ጠመዝማዛ መስመር ከማየታችን የተነሣ «ወንዝ» እንዳንል ነው። በኔሬትቫና በሳቫ ላይ የርዝመት ቁልቁለታቸውን ሥለን፣ ገባሮቻቸው ከዋናው ጋር የሚገናኙበትን ማዕዘን ለክተን፣ ወደ ታች ሲሄዱ መስፋታቸውን አይተን፣ መጨረሻቸው ላይ ዴልታ መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ነው ወንዝ ያልናቸው።

ኅዳር 20

የስሌቱ ሳምንት ነበር። ከሁሉም የሥራው ክፍል ይኼኛው ይበልጥ ትኩረቴን ስቦታል፤ ስለዚህ በዝርዝር አሰፍረዋለሁ።

በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ፍጥነት በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በስበት ኃይል፣ በውኃው ጥልቀት፣ በቁልቁለቱና በወለሉ ሻካራነት። ስበትን፣ ጥልቀትንና ቁልቁለትን እናባዛለን፤ በስምንት አባዝተን በሻካራነቱ ቁጥር እናካፍላለን፤ ከዚያ የካሬ ሥሩን እንወስዳለን። የማርስ ስበት 3.71፣ የምድር 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን በማርስ ላይ ያለ ወንዝ በምድር ካለው መንትያው 62 በመቶ በሚሆን ፍጥነት ይሄዳል። የመሐንዲሶች መጽሐፍ ላይ ያለው የተለመደው የቦይ ቀመር ስበትን በቁጥሩ ውስጥ ደብቆ ስለያዘ እንዳለ ወደ ማርስ መውሰድ አይቻልም፤ ይህን ቀመር የመረጥነው ስበቱን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ፐርሰቪራንስ እ.ኤ.አ. በ2024 በኔሬትቫ ውስጥ ስትጓዝ የሸለቆው ስፋት በዚያ ቦታ 400 ሜትር ገደማ መሆኑ ተገልጿል። ከዚህ ተነሥተን ሁለት የልምምድ ስሌቶችን ሠራን። ቁልቁለቱን በ1,000 ሜትር 3 ሜትር፣ የሻካራነቱን ቁጥር 0.05 አድርገን በሁለቱም ላይ እኩል ያዝን።

በመጀመሪያው ስሌት ሸለቆው በሙሉ ስፋቱ 40 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ይዟል ብለን አሰብን። ፍጥነቱ 8.4 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፤ ፍሰቱ 135,000 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። በሁለተኛው ስሌት የመገጩን ትምህርት ተከትለን በዚያው ሸለቆ ወለል ላይ 60 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው መውረጃ አስቀመጥን። ፍጥነቱ 1.9 ሜትር በሰከንድ፣ ፍሰቱም 226 ሜትር ኩብ በሰከንድ ሆነ። ሸለቆው አንድ ነው፤ ከምሕዋር የሚታየው ምስልም አንድ ነው፤ ሁለቱ መልሶች ግን ወደ 600 እጥፍ ይራራቃሉ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ አመጣነው። የጄዜሮ ገጽ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አማካይ ጥልቀቱን ለምሳሌ ያህል 100 ሜትር ብንለው የሚይዘው ውኃ 160 ኪሎ ሜትር ኩብ ነው። ትነትንና ስርገትን ትተን፣ በመጀመሪያው ፍሰት ጉድጓዱ በ14 ቀን ይሞላል፤ በሁለተኛው 22 ዓመት ይፈጅበታል። አሥራ አራት ቀን ማለት አንድ ታላቅ ጎርፍ ማለት ነው፤ የአየር ንብረት አይጠይቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ የሚፈስ ወንዝ ግን፣ በመካከሉ ትነት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም የሚረዝም፣ በየጊዜው የሚመለስ ዝናብ ወይም የሚቀልጥ በረዶ ይፈልጋል። ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት በማርስ ላይ የነበረው ሰማይ ምን ይመስል ነበር የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ወርዶ ከአንድ ሸለቆ ወለል ውስጥ ካለች ጠባብ መውረጃ ጋር ይታሰራል። ለዚህ ነው መውረጃዋን መፈለግ የሚያደክመውን ያህል የሚገባው።

ችግሩ በማርስ ላይ መውረጃዋ እምብዛም አለመትረፏ ነው። የሸለቆዎቹን ወለል ለቢሊዮን ዓመታት ነፋስ ያመጣው አሸዋና ከግድግዳው የወረደ ናዳ ሸፍኖታል። ናኔዲ ቫሌስ በሚባለው ሸለቆ ወለል ላይ አንዲት ጠባብ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1998 በማርስ ግሎባል ሰርቬየር ካሜራ ስትታይ ብዙ ተመራማሪዎች ትኩረት የሰጧት ከዚህ የተነሣ ነው።

ኅዳር 28

ሁለቱን ተፋሰሶች በስፋት አነጻጸርን። የጣና ሐይቅ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ተፋሰሱ 15,000 ገደማ ነው፤ ማለትም ሐይቁን አምስት ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ወደ ጄዜሮ የሚፈስሰው መሬት ወደ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ይህም የጉድጓዱን ገጽ ወደ 19 ጊዜ ይበልጣል። ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ውኃ የሚሰበስበው መሬት በጄዜሮ አራት እጥፍ ያህል ይበዛል ማለት ነው።

ሐይቅ ሞልቶ የሚፈሰው የሚገባው ውኃ ከሚተነው ሲበልጥ ነው። ጣና በእኛ ክረምት ሞልቶ ዓባይን ያስወጣል። ጄዜሮ ከስፋቱ አንጻር የሚመግበው መሬት ብዙ ስለሆነ፣ ከጎንደር ዝናብ በእጅጉ ባነሰ ዝናብም ቢሆን ፕሊቫን ሊያስወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ የመውጫ ሸለቆ መኖር ማርስ እንደ ደጋችን ለምለም ነበረች ለማለት አያበቃም፤ ከበረሃ ጋር የሚቀራረብ፣ ዝናቡ አልፎ አልፎ የሚጥል ምድርም ይህን ሐይቅ ሊሞላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናትም የማርስ ገባሮች ከዋናው ሸለቆ ጋር የሚገናኙበት ማዕዘን በምድር ላይ ካሉ ደረቅ አካባቢዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል፤ በእርጥብ አገሮች ማዕዘኑ ሰፋ ይላል። እኛ በሳቫ ገባሮች ላይ የለካናቸው ማዕዘኖች ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ብዛታቸው ግን ፍርድ ለመስጠት የሚያበቃ ስላልሆነ በካርታው ላይ ቁጥራቸውን ብቻ እናሰፍራለን።

አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ዝናቡ ትንሽ ከነበረ ዴልታው ላይ ያሉትን ቋጥኞች ማን አመጣቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የተገባ ጥያቄ ነው። በደረቅ አገር ዝናብ ብርቅ ቢሆንም ሲጥል ደራሽ ያመጣል፤ አማካይ ፍሰቱ ትንሽ፣ አንዳንድ ቀን ያለው ግን እጅግ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። የቋጥኙ መጠን የሚነግረን ስለዚያች ቀን እንጂ ስለ ዓመቱ አይደለም። ጥያቄዋ ከነመልሱ በካርታው ኅዳግ ላይ እንዲገባ ወስነናል።

ታኅሣሥ 6

ካርታው ወደ ማተሚያ ሊሄድ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ውሳኔዎች እመዘግባለሁ።

ሸለቆና መውረጃ በሁለት የተለያዩ ቀለማት ይታተማሉ። የሸለቆው አናት በቡናማ፣ በምስሉ ላይ በእርግጥ የታየ መውረጃ ብቻ በሰማያዊ ይሆናል። በመገጭ በኩል ሰማያዊው መስመር ከላይ እስከ ጣና ሳይቋረጥ ይወርዳል። በጄዜሮ በኩል ሰማያዊ የሚባል እምብዛም የለም። አንዳንዶቹ የክበቡ አባላት ካርታው የተራቆተ እንዳይመስል በሸለቆዎቹ መካከል ሰማያዊ መስመር እንዲገባ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ተወያይተንበት ያልታየ እንዳይሣል ተስማምተናል። በአሸዋ የተሸፈነው ወለል በነጠብጣብ ይለያል። በምስል ብቻ ወይም በከፍታ ብቻ የታየ ገባር በተቆራረጠ መስመር ይሆናል፤ እነዚህ የሚበዙት እንደጠበቅነው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው በኔሬትቫ በኩል ነው።

የ14 ቀኑና የ22 ዓመቱ ስሌት በአንድ ሠንጠረዥ፣ በእኩል የፊደል መጠን፣ የያዝናቸው ግምቶች ሁሉ ከሥራቸው ተጽፈው ይወጣሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም የገባሮቹ መረብና የዴልታው ንብብር ከአንድ ጊዜ ጎርፍ ይልቅ ተደጋጋሚ ፍሰትን የሚያሳዩ መሆናቸው ነው። ይህ ግን የእኔ ሚዛን ስለሆነ በሠንጠረዡ ውስጥ ሳይሆን ከታች በአንድ አንቀጽ ለብቻው ሰፍሯል።

በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ባዶ ነው፤ እርሱም የመገጭ የሙላት ጊዜ ፍጥነት ነው። በጥልቀትና በቁልቁለት ያሰላነው ቁጥር አለን፤ ነገር ግን በራሳችን ወንዝ ላይ መለካት የሚቻለውን ነገር በስሌት ብቻ ማሳየት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። የከፍታ ምልክት ያለበትን እንጨት አዛውንቱ ካሳዩን ድንጋይ አጠገብ እንተክላለን፤ ፍጥነቱን በሐምሌና በነሐሴ ከድልድይ ላይ ተንሳፋፊ እየጣልን በሰዓት እንይዘዋለን። የሁለተኛው እትም ሠንጠረዥ በዚያ ቁጥር ይሞላል፤ የሻካራነቱ 0.05ም ከመገጭ በተገኘው ተስተካክሎ የኔሬትቫ ስሌት እንደገና ይሠራል።